ከዕጣ እስከ ቁልፍ ስንት ቀን ነው?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው። ዶሮዋ በሥርዓቱ ከታቀፈችው እንቁላል በ21 ቀኑ ጫጩት ሆኖ በእግሩ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለኮንዶሚኒየም ቤት የተመዘገበው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኔም የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነው። ይኸው 21 ዓመት ሆነኝ። በእግሬ ሄጄ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ ኮሌጅ ገብቼ ሁለተኛ ዓመት ደርሻለሁ። "ቤቱ መቼ ነው የሚደርሰን?" የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም በየቤቱ አለ።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝም ይኸው ጥያቄ ነው። ለመሆኑ አንድ ሰው የመጀመሪያ ቤቱን ለመግዛት ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ ቁልፉን እስኪጨብጥ ስንት ጊዜ ይፈጃል? በሌላው ግብይት እኮ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ አለ። ልብስ ሰፊ እንኳ "ማክሰኞ ና" ይላል። ማክሰኞ ባያደርስም ቢያንስ የሚወቀስበት ቀን አለው። በኮንዶሚኒየም ግን የምንወቅስበት ቀን የለም። የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፦ ችግሩ የጊዜው መርዘም ብቻ አይደለም፤ ቀነ ገደብ ያለበት ገዢው ብቻ መሆኑ ነው።

እስቲ ነገሩን በቅድሚያ ከገዢው በኩል እንየው። በ2005 ዓ.ም. ነባሮቹ ተመዝጋቢዎች እንደገና፣ አዲሶቹ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገቡ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት መርሐ ግብሮች ነበሩ። የፊተኛው ቁጥር ተመዝጋቢው ከቤቱ ዋጋ አስቀድሞ የሚቆጥበው ከመቶ ስንት እንደሆነ ሲናገር፣ የኋለኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነውን ያሳያል። ቁጠባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በየወሩ ነው። በምዝገባው ጊዜ ለባለ ሦስት መኝታ በ20/80 በወር 685 ብር፣ በ40/60 ደግሞ 2,453 ብር ነበር። ቁጠባህን ካቋረጥክ ዕጣ ውስጥ አትገባም። ዕጣ ወጥቶልህ በተባለው ጊዜ ቀርበህ ካልተዋዋልክ ዕድሉ ያልፍሃል። ቤቱ የአንተ ሆኖም አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ አትችልም። እንግዲህ ቁጠሩ፦ ወር አለ፣ ቀን አለ፣ ዓመት አለ። ሁሉም ግን የተቆጠረው በገዢው ላይ ነው።

አሁን ወደ ሻጩ እንሂድ። በ2005 ዓ.ም. ለ40/60 ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን ቤቶቹ 972 ብቻ ነበሩ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በ20/80 እና በ40/60 ከ51 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ብዙ ቤት እልል ተባለ። ወዲያው በኮዬ ፈጬ ሳይት ላይ ከኦሮሚያ ጋር የወሰን ጥያቄ ተነሣ፣ ተቃውሞ ሆነ፣ ርክክቡም ተንጠለጠለ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. እንደገና ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ቀናት ሳይቆዩ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ፤ ትናንት ባለ ዕድል የተባለው ሰው ዛሬ ተመልሶ ተራ ተመዝጋቢ ሆነ። ዕጣው በድጋሚ የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለተመዝጋቢው "በዚህ ቀን ትገባለህ" ያለው የለም።

ደግሞ ዕጣ ወረፋ አይደለም። ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ከፊቱ ያሉትን ራሶች ቆጥሮ "ዛሬ ይደርሰኛል፣ አይደርሰኝም" ይላል። ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ምን ይቁጠር? እናቴ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግባ ዛሬም ትቆጥባለች። ከፊቷ አንድ ሰው ይኑር አንድ መቶ ሺህ አታውቅም።

"ዕጣ ከወጣማ አለቀ" የሚል ካለ ደግሞ አክስቴን ላንሣ። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግባ በ2011 ዓ.ም. ወጣላት። አሥራ አራት ዓመት መሆኑ ነው። ስሟን ጋዜጣ ላይ ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቡና ተፈላ፣ ድፎ ተደፋ፣ ጎረቤቱ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከምናምን ቁልፍ የለም። ሳይት ድረስ ትሄዳለች፤ ዘበኛው "እናቴ፣ ገና ነው" ይላታል። ቢሮ ትሄዳለች፤ "በማስታወቂያ እንጠራለን" ይሏታል። አከራይዋ በበኩሏ ወሬውን ሰምታ "አንቺ እኮ አሁን ባለ ቤት ነሽ" ብላ ኪራይ ጨመረችባት! ቁልፉ ሲመጣ ደግሞ ቤቱ ገና ነበር። ወለሉ ሊሾ ብቻ፣ የመኝታ ቤቱ በር የለም፣ ውኃ አልገባም፣ የመብራት ቆጣሪ አልተተከለም። አራተኛ ፎቅ ድረስ ውኃ በጀሪካን ያመላለስነው እኔና ወንድሜ ነን። ዕጣ ከወጣላት ቀን አንሥቶ ገብታ እስክታድር ሦስት ዓመት ሆነ።

አክስቴን ከሁሉ ያማረራት ግን ሦስት ዓመቱ አይደለም። አለማወቋ ነው። በየመስከረሙ ልጇን ኪራይ ቤቷ አጠገብ ታስመዝግብ ወይስ አዲሱ ሳይት አጠገብ ጭንቅ ነበር። የተበላሸ ፍሪጅ አትቀይርም፤ "ስገባ እገዛለሁ" ትላለች። እድር እንኳ አዲስ ለመግባት ስታመነታ ነበር። "ሦስት ዓመት ነው ቢሉኝ ለሦስት ዓመት እኖር ነበር፤ እኔ ግን ሦስቱን ዓመት ቆሜ ነው የጠበቅሁት" ትላለች። የዚህን ወጪ የትኛውም ሒሳብ አያወጣውም።

እርግጥ ነው፣ ሻጩም ወገን ምክንያት አያጣም። ሲሚንቶ ይወደዳል፣ ብረት ይጠፋል፣ የውጭ ምንዛሪ ያጥራል። መንገዱ የአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ውኃው የሌላው፣ መብራቱ የሦስተኛው ነው፤ አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ይቆማል። ቤቱም ቢሆን ከገበያው ዋጋ እጅግ በረከሰ ስለሚሰጥ ፈላጊው ብዙ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ሥራ ሊዘገይ ይችላል ማለትና ቀን አይነገርም ማለት ለየቅል ናቸው። የተቆረጠ ቀን ሊገፋ ይችላል፤ ሲገፋ ምክንያቱ ከአዲሱ ቀን ጋር ይነገራል። ያልተቆረጠ ቀን ግን አይገፋም፣ አይደርስም፣ ማንንም አያስጠይቅም።

መንግሥት ቀን መቁረጥ አያውቅም እንዳንል ደግሞ አሳምሮ ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አከራይና ተከራይ ውላቸውን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ፣ የኪራዩም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አዝዟል። ደግ አድርጓል። ሁለት ክፍል ሰርቪስ የምታከራይ ባልቴት በቀን ከታሰረች፣ ብሎክ የሚያስገነባ አካል የማይታሰርበት ምክንያት ምንድነው?

ስለዚህ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ውኃና መብራት ያልገባለት ብሎክ ዕጣ አይውጣበት፤ ከወጣበትም ምን እንደቀረው ለባለ ዕድሉ በጽሑፍ ይነገረው። ሁለተኛ፣ በሽያጭ ውሉ ላይ የርክክብ ቀን ይጻፍ። ያ ቀን ካለፈ ገዢው በዘገየበት ጊዜ ልክ የባንክ ወለድ አይቆጠርበት። ሦስተኛ፣ ዕጣ ለሚጠብቀው ሰው በእሱ የቤት ዓይነት ስንት ሰው እየቆጠበ እንደሆነ፣ ስንት ቤትም እየተሠራ እንደሆነ በየዓመቱ ይነገረው። ቁጥሩ ቢያሳዝንም ይነገር። እናቴ "ገና አሥር ዓመት ነው" ብትባል ታዝናለች፤ ግን በገንዘቧ ሌላ ነገር ታስብበታለች።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ገና አንደኛ ዓመት ሳለን ዜና "ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት" የሚሉትን መመለስ አለበት ተብለን ተምረናል። በዕጣው ዜና "መቼ" የሚለው የሚመለሰው ዕጣው በወጣበት ቀን ነው። ካሜራው አዳራሹን፣ ጭብጨባውን፣ የባለ ዕድሏን እንባ ያሳየናል፤ ዜናው እዚያ ላይ ያልቃል። የሰውየው ጉዳይ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሳይቱ ተመልሶ ስንት ቤት መብራት እንደበራ የሚቆጥር ዘጋቢ ያስፈልጋል። ይህን ለመሥራት የታክሲና የማስታወሻ ደብተር ካለን ይበቃል፤ እስክንመረቅ መጠበቅም የለብንም።

ወደፊት ማይክ ይዘን አንድ ባለሥልጣን ፊት ስንቆም "ስንት ቤት ዕጣ ወጣበት?" ከሚለው በፊት "ስንት ሰው ቁልፍ ተረከበ? የቀረውስ በየትኛው ቀን?" እንበል። መልሱ "በቅርቡ" ከሆነ "በቅርቡ ማለት ስንት ቀን ነው?" ብለን እንድገም።

ቸር እንሰንብት።