አክታው ይሻገር፣ ሕሙሙ ይረፍ

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ መሰጠቱ ትልቅ ጸጋ ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ወይም በቁንዝላ ዳርቻ ሳል ለጸናበት ገበሬ ግን የጀልባው ሒሳብ፣ የባሕር ዳር ማደሪያው፣ የአስታማሚው ስንቅ፣ ከእርሻውም የጎደለበት ቀን ሁሉ ተደምሮ የምርመራው ዋጋ እርሱ ነው። ይህን መክፈል ያቃተው ድውይ ከቤቱ ሲቀር፣ ደዌው ግን በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ልጆቹ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረውት ይተነፍሳሉና።

ሮበርት ኮኽ የዚህን ደዌ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1882 ለዓለም ከገለጠ ወዲህ፣ ማይክሮስኮፕ የድሀ አገር ታማኝ አገልጋይ ሆኖ መኖሩን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ባክቴሪያ ካልተገኘ በቀር ለማሳየት የማይችል፣ ያሳየውም መድኃኒት የተላመደ ይሁን አይሁን ለይቶ የማያስታውቅ በመሆኑ፣ በእርሱ ብቻ የተመረመረ ሕሙም የማይፈውሰውን ኪኒን ለወራት ሲውጥ ሊከርም ይችላል። ይህን ከሁሉ የከፋ ግፍ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ ሰውየው የታዘዘውን አንድ ቀን እንኳ ሳያጓድል ፈጽሞ፣ ሳይድን ይቀራልና።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ማብቂያ የመሰከረለት ጂን ኤክስፐርት የተባለ የምርመራ መሣሪያ፣ ባክቴሪያውን ሪፋምፒሲን ለተባለው ዋና መድኃኒት ካለው መላመድ ጋር በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል። ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚያገለግለው ካርትሪጅ ግን ለድሆች አገሮች እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 9 ዶላር ከ98 ሳንቲም ከወረደ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይነቃነቅ ቆይቶ፣ ከብዙ ሙግት በኋላ በ2023 ወደ 7 ዶላር ከ97 ሳንቲም ዝቅ አለ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ከ5 ዶላር አይብለጥ ይላል፤ ለመሣሪያው መሠራት የሕዝብ ገንዘብም የወጣበት ስለ ሆነ፣ እውነቱ ከማኅበሩ ጋር ነው።

ዋጋው ቢወርድም እንኳ፣ መሣሪያው የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ ሙቀት የሚሻ በመሆኑ፣ በየደሴቱ ይተከል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሐይቁን መሻገር የሚገባው አክታው ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ የሕክምና ናሙና ማመላለስ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተቀበለችውን አክታ በበረዶ ሣጥን አድርጋ በጀልባ መሣሪያው ወዳለበት ብትልከው፣ ውጤቱ በስልክ ይደርሳታል፤ ሪፋምፒሲን የተላመደ ሆኖ የተገኘውም ለተጨማሪ ምርመራ በባሕር ዳር ወዳለው የአማራ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይተላለፋል።

ሥራው መጀመር ያለበት ድውያን ተጠጋግተው በሚሰነብቱባቸው የጸበል ስፍራዎች ነው። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ የደብር አለቆችና መነኮሳት ያንኑ ምክር ለሚያስለው ሰው ቢደግሙለት፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማቸዋል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ከበዛባቸው 30 አገሮች መዝገብ መውጣቷ የብዙ ሠራተኞች የድካም ዋጋ ሲሆን፣ ነቀርሳ ራሱ ከበዛባቸው 30 አገሮች መዝገብ ግን አልወጣችም። እንግዲህ የክልሉ ጤና ቢሮ ለናሙናው ጀልባ ነዳጅና ለበረዶ ሣጥኑ በዓመታዊ በጀቱ ራሱን የቻለ ርእስ ይክፈት፤ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሕሙማኑ ዛሬ ከየኪሳቸው ከሚያወጡት የሚበልጥ አይመስለኝም።