ሰዓቱን ማን ሮጠው?

«ሰዓት አይዋሽም» ይላሉ፣ እዚህ ዲኬተር ቡና ስንጠጣ የሚገጥሙኝ አንድ ጋሼ። የኦሊምፒክ ቡድን ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚሰጡት ፍርድ ይኸው ነው፦ የፈጣኖቹን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ቆጥሮ ሦስቱን መላክ። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ዝምድናና ሽኩቻ ሊነካው የማይችል መለኪያ ይፈልጋሉ። እኔ ግን እንጀራዬ መለኪያዎችን መመርመር ነውና ክርክሩን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ከፓሪስ እንጀምር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2024 ለወንዶች ማራቶን የተሰየሙት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ሲሳይ በቫሌንሲያ 2፡01፡48፣ ደሬሳ በሴቪያ 2፡03፡27፣ ቀነኒሳ በለንደን 2፡04፡15 ሮጠዋል። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት በኒውዮርክ ያስመዘገበው 2፡04፡58 ከሦስቱም የዘገየ ነው። ሲሳይ በጉዳት ሲወጣ ታምራት ገባ፤ ያንን ዳገታማ ጎዳና በ2፡06፡26 ጨርሶም በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። ደሬሳ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ሆኑ። ምርጫው በሰዓት ብቻ ተደረገ አልልም። ነገር ግን በዝርዝሩ ብቻ ለሚፈርድ ሰው ታምራት ከአራቱ የመጨረሻው ነው።

የቫሌንሲያ ጎዳና ሜዳማ ነው፤ አሯሯጮችም ዙሩን አክርረው ነፋሱን እየከፈሉ ይመራሉ። ኒውዮርክ ድልድይና ዳገት የበዛበት ነው፤ አሯሯጭ የለውም። ታምራት ያሻሻለው የቦታው ክብረ ወሰን ከ2011 ጀምሮ ማንም ያልነካው ነበር። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ነው ፓሪስን የሚመስለው?

ይህን ችግር ቀድመው የተረዱት፣ ለትምህርቴ ክብር ባያምርም፣ የፈረስ እሽቅድምድም ተወራራጆች ናቸው። (በምንኖርባት ጆርጂያ የፈረስ ውርርድ የተከለከለ ስለሆነ ጋሼን ወስጄ ላሳያቸው አልችልም።) አሜሪካዊው ጋዜጠኛ አንድሪው ቤየር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድን ፈረስ ሰዓት በዕለቱ የሜዳ ሁኔታ አስተካክሎ ወደ ፍጥነት ነጥብ የመለወጥን ዘዴ ለብዙኃን አስተዋወቀ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም የሩጫውን አካሄድ የሚያጠኑ ሌሎች ተወራራጆች ነጥቡ ራሱ የዙሩ ውጤት መሆኑን አጥብቀው ተከራከሩ። ያለ ተቀናቃኝ በፊታውራሪነት ዘና ብሎ የመራ ፈረስ ጉልበቱን ቆጥቦ ስለሚጨርስ ነጥቡ ያሞካሸዋል። ከጅምሩ ከሌላው ጋር አንገት ለአንገት ተያይዞ የነደደው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይደክምና ደካማ ነጥብ ይያዝለታል። መጀመሪያው እጅግ ከዘገየም፣ ማጠናቀቂያው የቱንም ያህል ቢፈጥን የባከነው ጊዜ አይመለስም። የገዛ ገንዘቡን የሚያስይዝ ሰው ይህን ቸል ብሎ ብዙ አይቆይም።

የእኛም ሯጮች ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ከቤቴ ብዙ ሳይርቅ፣ በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትርን በ27፡07፡34 አሸነፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያስመዘገበው የራሱ የዓለም ክብረ ወሰን 26፡43፡53 ነበር። ኃይሌ በ24 ሰከንድ ደክሞ ነበር የሚል አለ? የመጀመሪያው አጋማሽ ዝግ ብሎ ስለተሮጠ ሰዓቱ ገና በግማሹ ተወስኖ ነበር፤ ፖል ቴርጋትን የረታው በሁለተኛው አጋማሽ ነው። ሲሳይም በ2024 ቦስተንን ያለ አሯሯጭ ሲያሸንፍ የመጀመሪያውን አጋማሽ በ60፡19 ነጎደ፤ ሁለተኛው 65፡58 ፈጀበት። ጠቅላላው 2፡06፡17 ነው። ይህ ቁጥር የሲሳይን አቅም ይነግረናል ወይስ የአጀማመሩን ድፍረት?

ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ወንዶች እየመሯት 2፡11፡53 ሮጠች። በ2025 ለንደን ላይ በሴቶች ብቻ ውድድር 2፡15፡50 ገባች። ሁለቱም በየዘርፋቸው የዓለም ክብረ ወሰን ሆነው ተመዝግበዋል። በመካከላቸው ያለው 3 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ በሙሉ የአሯሯጮች ነው አልልም፤ ጎዳናውም ቀኑም ተለዋውጧል። ነገር ግን የዓለም አትሌቲክስ ራሱ ሁለት መዝገብ ይዞ ሳለ እኛ አንድ ዝርዝር ይዘን የምንሟገተው ለምንድን ነው? አሯሯጭ በሌለበት ፓሪስ ትዕግስት 2፡22፡58 ነው የገባችው፤ ሲፋን ሐሰን የቀደመቻት በሦስት ሰከንድ ነው።

ጋሼ መልስ አላቸው። «ሰዓቱን ከተውነው ሰዎች በሰዎች ላይ ይፈርዳሉ፤ አድልዎ ይገባል።» ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ክርክሬም የሚወድቀው ወይም የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ፈጣን ሰዓት የሚመዘገብበት ውድድር ግን በግብዣ ነው የሚገባው፤ ግብዣውን የሚያመጣው ወኪል ነው፤ አሯሯጩን የሚቀጥረው አዘጋጁ ነው። ከበቆጂ የወጣች፣ ደህና ወኪል ያላገኘች ልጅ ሜዳማውን ጎዳናና የሚመራትን ሰው ከየት ታመጣለች? ዝርዝሩ አድልዎውን አላስወገደውም፤ እኛ ወደማናየው ክፍል አዛወረው እንጂ። በዚያ ላይ ምርጫው በሰዓት ብቻ እንደሚወሰን ያወቀ ሯጭ ኒውዮርክን ይሸሻል። ታምራት የተዘጋጀበትን ዓይነት ውድድር የሚሸሽ ሯጭ እያሠለጠንን ለፓሪስ ዓይነት ጎዳና እንልካለን ማለት ነው።

የምጠይቀው ለአንድ ኮሚቴ ስሜት መንበርከክን አይደለም። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር በጽሑፍ የሚወጣ ሒሳብ ይኑር፦ የጎዳናው ዳገትና ቁልቁለት፣ የአሯሯጭ መኖርና አለመኖር፣ የአጋማሾቹ ልዩነት፣ የተሸነፉት ተፎካካሪዎች ማንነት። ክብደታቸው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ማንኛዋም ሯጭ በስልኳ አስልታ የት እንዳለች ትወቅ። ተወራራጆቹ ይህን በእርሳስና በወረቀት ይሠሩት ነበር።

ጋሼ የመጨረሻውን ሲኒ አንስተው «እና ቀነኒሳን ትቀሪው ነበር?» አሉኝ። በ2024 ለንደን ላይ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው፤ ዕድሜው 41 ነበር። ሒሳቡን ሠርቼ በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልዎታለሁ አልኳቸው።