አዳልጦት የወደቀ እንግዳ «ዕድሌ ነው» ብሎ አይመለስ

ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ተሳላሚ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ከተጓዘ በኋላ ወርዶ በጽዱ መሃል ዳገቱን በእግሩ ይያያዘዋል። ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ የተሠራው፣ በዕድሜም የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚቀድመው ያ ቤተ መቅደስ የተሸሸገው ዋሻ ውስጥ ነው። ለሽማግሌ ጉልበት የሚመች መንገድ የለውም። እዚያ ያዳለጠው ሰው ተራራውን አይከስም፤ ዳገቱን የሠራው ሰው አይደለምና።

ያው ተሳላሚ ማታ ተመልሶ፣ ገንዘብ ከፍሎ ባረፈበት ሆቴል ውስጥ ሲወድቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሳሙና ውኃ ተወልውሎ ምንም ምልክት ሳይደረግበት የተተወው ሴራሚክ፣ መደገፊያ ብረት የሌለው ደረጃ፣ መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ የሚል መተላለፊያ፣ ውኃው የማይወርድ ሻወር ቤት፤ እነዚህን ሁሉ ሰው ሠራቸው፣ ሰው ማረም ይችላል፣ ሰውም ገቢ ያገኝባቸዋል። በእነሱ ምክንያት አጥንቱ የተሰበረ እንግዳ ካሳ ሊከፈለው ይገባል። ካሳውም የሆቴሉ ዕዳ እንጂ የባለቤቱ ቸርነት ተደርጎ መታየት የለበትም። የዚህ ጋዜጣ አቋም ይህ ነው።

ላሊበላ በምትገኝበት በላስታ የተለመደው አካሄድ የተለየ ነው። እንግዳ ሲወድቅ ሁሉም ይደነግጣል፤ «እግዜር ይማርህ» ይባላል፣ የአልጋው ሒሳብ ይቀርለታል፣ ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። ይህ ደግነት የአገሩ ጌጥ ስለሆነ ልናጣጥለው አንሻም። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ሒሳብ መማር የአንድ ዓመት ሥራ ማጣትን አይተካም። በታኅሣሥ ለልደት መጥቶ ዳሌው የተሰበረ ገበሬ በሰኔ ሞፈር መጨበጥ አይችልም። ላስታ ውስጥ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጎታቹ፣ አራሹ፣ ሁሉም የሚበላው በእግሩ ነው። «ዕድሌ ነው» ብሎ የሚመለሰው ሰው ጉዳቱን ብቻውን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ይገባል፤ ያ ደረጃም እንደነበረ ሆኖ ቀጣዩን እንግዳ ይጠብቃል።

ሕጉ ከእኛ ልማድ ቀድሞ ሄዷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዝዛል። በአንቀጽ 2077 ደግሞ ይጠብቃል፦ ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው። የተሰበረ ደረጃና የተነቀለ መደገፊያ ከዚህ አንቀጽ ሥር ለመግባት ብዙ ክርክር አያስፈልጋቸውም። የረጠበው ወለል ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ እሱ ከሕንፃው ይልቅ ወልውሎ የተወው ሠራተኛ ጥፋት ነው ሊባል ይችላል። ቢሆንም ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ቀጣሪው እንደሚጠየቅ ሕጉ ይደነግጋልና ሆቴሉ «ጥፋቱ የጽዳቷ ነው» ብሎ አያመልጥም።

አልጋ ተከራይቶ ያደረ እንግዳ ከዚህ የተለየ በርም አለው። በእሱና በሆቴሉ መካከል ውል አለ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከአንቀጽ 2653 ጀምሮ ስለ ሆቴል ውል ለብቻው ደንግጓል። በውል የተገባ ግዴታ ሲጓደል ክርክሩ የሚታየው በውል ሕግ ነው። ሻይ ሊጠጣ ገብቶ የወደቀው ጎረቤትና ሠርግ ሊታደም የመጣው ሰው የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ የሕግ ባለሙያ ቢነግራቸው ይሻላል። ጠበቃ የሚያማክር ሰው በመጀመሪያ ማስጠናት ያለበት ይህንኑ ነው፤ በተሳሳተ በር የገባ ክስ ጊዜ ይበላልና። እንግዳ መቀበያው ላይ «ለሚደርስ አደጋ ሆቴሉ ኃላፊ አይደለም» የሚል ወረቀት መለጠፍ ደግሞ ማንንም ከራሱ ጥፋት ነፃ አያወጣም።

የጊዜ ገደቡ ከባድ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ መቅረብ ያለበት በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ጥፋቱ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ በዚያኛው ይቆጠራል፤ በቸልተኝነት የሰውን አካል መጉዳት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 559 ያስቀጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ወቅት፣ ከአንድ የላስታ ቀበሌ ተነስቶ ፍርድ ቤት መድረስ ራሱ ፈተና ሆኖ ሳለ ሁለት ዓመት እንደ ዋዛ ያልፋል።

ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙም በተጎጂው ላይ ነው፤ አንቀጽ 2141 የጉዳቱን መጠንም ሆነ ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ሁኔታ ከሳሹ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ወጌሻ ያሸውና ያሰረው እግር የጽሑፍ ማስረጃ የለውም። ወደ ወጌሻ መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ ግን አስቀድሞ ጤና ተቋም ገብቶ ይመርመር፣ የት ቦታና እንዴት እንደወደቀም በካርዱ ላይ ያስጽፍ። የወደቀበትን ወለል ሳይደርቅ፣ ደረጃውን ሳይጠገን በስልኩ ያንሳ። አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስምና ስልክ ይያዝ፤ የልደት ምእመን በማግሥቱ ወደየአገሩ ይበተናል፣ ምስክሩም አብሮ ይበተናል። የመድኃኒትና የመጓጓዣ ደረሰኞቹን ያስቀምጥ፣ ለፖሊስም ያመልክት። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው ደግሞ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በደሃ ደንብ፣ ሳይከፍል እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

በሽምግልና መጨረስ ነውር የለበትም። ወልድያ ድረስ ለፍርድ ቤት ከመመላለስ እዚያው በአገር ሽማግሌ ፊት ተነጋግሮ የሕክምናውንና የቀረውን ገቢ መካስ ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ይሻላል። የሚያሳስበን ችኮላው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት በስምምነት የተቋጨ ጉዳይ የመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ያህል ይጸናል። ጄሶው ሳይፈታ «ተካስኩ፣ ይቅር ብያለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል ቢባል እንደገና መጠየቁ እጅግ ይከብደዋል። ሽማግሌዎች ሐኪሙ የመጨረሻ ቃሉን እስኪሰጥ ቢጠብቁ፣ በስምምነቱም ላይ ወደፊት የሚመጣው የሕክምና ወጪ የማን እንደሆነ ቢያስጽፉ እርቁ እውነተኛ ይሆናል።

ሕጉ ራሱ የሚወቀስበት ቦታ አለ። ለሕክምና፣ ለጠፋ ገቢና ለወደፊት ኪሣራ የሚከፈለው ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ይህ ትክክል ነው። ለሥቃይ፣ ለሐዘንና ለአካል መጉደል የሚሰጠው የሕሊና ጉዳት ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ስለነበር 1,000 ብር ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዕድሜ ልኩን የሚያነክስ ሰው ለሥቃዩ ዛሬ በሕግ የሚያገኘው ከፍተኛው ገንዘብ አሥር ዶላር እንኳ አይሞላም። ዳኛው ቢያዝንለትም ከዚህ በላይ መፍረድ አይችልም። ይህን ጣሪያ እስከ ዛሬ ማቆየት በተጎጂዎች ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

የሆቴል ባለቤቶች የሚሉትን እንሰማለን። በኮሮና ወረርሽኝ እንግዳ ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላሊበላ በጦርነት ተያዘች፤ ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልጸናም። አልጋው ባዶ፣ የባንክ ብድሩ ግን ያው ሆኖ የቆየ ባለሆቴል ብዙ ነው። ችግሩ እውነት ነው። ሆኖም የመደገፊያ ብረት ማስበየድ፣ የማያንሸራትት ምንጣፍ ማንጠፍ፣ በደረጃ ጫፍ ላይ ነጭ ቀለም መቀባት፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪ መስቀል ሆቴል የሚዘጋ ወጪ አይደለም። ለከባዱ አደጋ ደግሞ መድን አለ። በአገራችን ማንኛውም ባለተሽከርካሪ ለሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ አዋጅ ወጥቶ ሠርቷል። በዓል በመጣ ቁጥር ብዙ ሺህ ሰው በሚያርፍበት ከተማ የእንግዳ ማረፊያዎችም በዚሁ ልክ ጥብቅ የሆነ የኃላፊነት መድን ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባል። መድኑ ባለቤቱን ራሱን ከክስረት ያድነዋል።

የሆቴሉ ሠራተኛም አትረሳ። ባልዲ ተሸክማ በዚያው ደረጃ ላይ የምትወድቀው የጽዳት ሠራተኛ የአሠሪው ጥፋት መኖሩን እንድታስረዳ እንኳ አትጠየቅም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ያለ ጥፋቱም ኃላፊ ያደርገዋል። የጽሑፍ ውል የለኝም ብላ ዝም ማለት የለባትም፤ የቃል ውልም ውል ነው።

የላሊበላ ከተማ አስተዳደርና የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ከመጪው የልደት በዓል በፊት የማረፊያዎችን ደረጃ፣ ወለልና መብራት በአካል እየዞሩ ይመርምሩ፤ ያልታረመውን በጊዜ ያሳውቁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ1,000 ብሩን ጣሪያ ያንሳ፣ የእንግዳ ማረፊያዎችን መድንም ግዴታ ያድርግ። በሆቴል ውስጥ ወድቃችሁ እስካሁን ዝም ያላችሁ አንባቢዎቻችን የወደቃችሁበትን ቀን ዛሬውኑ ቁጠሩ፤ ሁለት ዓመት ካልሞላው ካርዳችሁንና ደረሰኛችሁን ይዛችሁ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ።