ደንቡም ሐይቅ ድረስ ይምጣ

ብዙዎቻችን ከቤት መሥራትን የለመድነው በመጋቢት 2012 ነው፤ ኮቪድ ገብቶ የፌዴራል ሠራተኞች ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ሲወሰን። ወረርሽኙ ቢያልፍም ልማዱ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ዘልቋል። እኔም ሐይቅ ከተማ ተቀምጬ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት እሠራለሁ። ላፕቶፑ የመጣው ከነደንቡ ነው፤ ደንቡ ደግሞ የወጣው መብራት ለማይጠፋበት፣ የአይቲ ባለሙያ በአጠገብ ለሚገኝበት ሕንፃ ነው።

ፍላሽ አይቀበልም። የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ ለመጫን እንኳ የአይቲ ክፍል ፈቃድ ይጠይቃል። ፋይል የሚከፈተው በቪፒኤን ብቻ ስለሆነ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር እንደገና መግባት፣ እንደገና በስልክ ኮድ መጠበቅ ነው። የይለፍ ቃሉ ጊዜ ካለፈበትም የሚታደሰው ከቢሮው መስመር ጋር ሲገናኙ ብቻ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ፣ ዋይፋይ የሌለው ሠራተኛ ላፕቶፑን ታቅፎ ሥራ ፈትቷል።

ጥበቃ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታም ነው። ግን በሩ ሁሉ የተዘጋበት ሠራተኛ፣ አለቃው ሲያጣድፈው ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል። ያኔ ቪፒኤኑም ቁጥጥሩም ከንቱ ይሆናል፤ ሰነዱን ለአደጋ ያጋለጠው ያው ጠብቀዋለሁ ያለው ደንብ ነው።

እዚሁ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መጻሕፍትን በመጠበቅ ስሙ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሆኖም አባታችን በዚያው ስፍራ ትምህርት ቤት አቋቁመው ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። መጽሐፉ ተጠብቆም ይነበብ ነበር።

አሠሪዎች ሆይ፣ ደንብ ስታወጡ ከክልል ሆኖ የሚሠራውን አማክሩ። የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ላፕቶፑ ከመሰጠቱ በፊት ይጫኑ። ሠራተኛው ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚሠራበት፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ማኅደር ይኑረው። ማንነቱን በስልክ አረጋግጦ የይለፍ ቃሉን የሚያድስለት ሰው ይመደብለት።

ባልደረቦቼም፣ በጓሮ አትውጡ። ደንቡ ምን እንደከለከላችሁ፣ ስንት ሰዓት እንዳባከነባችሁ ጽፋችሁ ለአለቃችሁ ላኩ። በቃል ብቻ ያማረርነውን ችግር ደንብ አውጪው ሊያውቀው፣ ሊያስተካክለውም አይችልም።