ዓሣው ይቆጠራል፤ አጥማጁስ?

ስለ ሐይቅ የምንጽፍ ሰዎች አንድ የቆየ ዕዳ አለብን። ስለ ማዕበሉ ስንኝ እንቋጥራለን፤ በውኃው ላይ የምታዘቀዝቀውን ፀሐይ እናወድሳለን፤ ከሩቅ የምትታየውን ታንኳ ለግጥማችን ጌጥ እናደርጋታለን። ታንኳይቱ ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን እንዴት አደርክ ብለን ጠይቀነው አናውቅም።

እስቲ አርባ ምንጭ እንውረድ። የእግዜር ድልድይ ላይ ቆሞ ዓባያንና ጫሞን ያየ ሰው ውበታቸውን ሊክድ አይችልም። ጎብኚው የአዞ ገበያን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ በጀልባ በሚንሸራሸርበት በዚያው በጫሞ ላይ፣ አጥማጁ ለእንጀራው ይወጣል። መረቡ አመሻሽ ላይ ተጥሎ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። አዞም በመረቡ የተያዘውን ዓሣ ፈልጎ ይመጣል። ሰውና አውሬ የሚገናኙት እንግዲህ በአንድ ማዕድ ላይ ነው። ጉማሬ ከሥር ብቅ ካለ ጀልባ ይገለብጣል። ከቀላል ግንድ በተጠፈረ ታንኳ ላይ ለተቀመጠው ደግሞ ከውኃው የሚለየው አንድ ስንዝር እንኳ የለም።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. በዓባያ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተገደሉ። ወሬው ዓለምን ዞረ። አዞው አስከሬናቸውን ይዞ እንዳይሄድ በመረባቸው የተከላከሉት ግን ዓሣ አጥማጆችና የአካባቢው ነዋሪዎች እንደ ነበሩ ስንቶቻችን ልብ አልን? ለፓስተሩ ያዘንነው በሚገባ ነው። አጥማጁ ግን ከዚያ አውሬ ጋር የሚጋፈጠው አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

‹‹ማን አስገደደው? ሥራ ይቀይር!›› የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ቆሮሶውን አስጠብሶ፣ ሎሚ ጨምቆ የሚበላ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ በሁዳዴ ገበያው ሲደራ አጥማጁን ወደ ውኃው የሚገፋው የእኛው ፍላጎት አይደለምን? በረዶ የሌለው አጥማጅ ዋጋ መከራከር አይችልም፤ ፀሐይ ሳትከር፣ ዓሣው ሳይበላሽ፣ ነጋዴው በቆረጠለት ይሸጣል። አዞ የቀደደውን መረብ የሚተካውም ከዚያችው ገንዘብ ነው።

የአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣው እንዳይመናመን፣ ለገበያ የሚቀርበውም ጤናማና ጥራት ያለው እንዲሆን ያስባል። መልካም ነው። ነገር ግን አጥማጁ በሕይወት ወደ ቤቱ መመለሱ ከዓሣው ጥራት ያነሰ ጉዳይ ነውን?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓሣ ማጥመድ ሥራ በየዓመቱ 24,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ከ100,000 በላይ አደረሰው። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለውን ገደል ተመልከቱ! የዓሣው ምርት በቶን ተመዝኖ ሲታወቅ የሟቾቹ ቁጥር በግምት ይነገራል። ይኸው ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የዓሣ ማጥመድ ሥራ ስምምነት፣ ለንግድ የሚጠመድ ዓሣ ሲል ባሕርን ብቻ ሳይሆን ወንዝንና ሐይቅንም ይጨምራል። ‹‹እኛ ባሕር የለንም›› ማለት እንግዲህ ምክንያት አይሆንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለአጥማጁ የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ በየወደቡ ማን ወጣ ማን ተመለሰ የሚል መዝገብ፣ ላልተመለሰው ሰው ቤተሰብ ደግሞ መቋቋሚያ ይኑር። ይህ የመንግሥትና የማኅበራት ድርሻ ነው።

የእኛ የጸሐፊዎቹ ድርሻ ግን ሌላ ነው። ከእንግዲህ ስለ ሐይቅ የምንጽፍ ከሆነ ታንኳይቱን ከሩቅ አንያት። ጎህ ሲቀድ ወደ ዳር ወርደን፣ የሚመለሱትን እንቁጠር፤ የጎደለ ካለም ስሙን እንጻፍ።