ስለ ዓሣ ተረፍና ስለ እንቁላል ጣይ ዶሮ ደም

በአዲስ ከተማ መርካቶ ዶሮ የሚገዛ ሰው ደረቷን ዳስሶ በራስዋ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ይመለከታል፤ የገረጣ እንደ ሆነ ደም የማነስ ምልክት ነውና። ለዚህ ተባይና በሽታም ምክንያት ይሆናሉ፤ የመብል ጉድለት ግን በባለቤቱ እጅ ነው። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የሚባለው የገንቢ ምግብ ክፍል ያንሰዋል፤ ዓሣ ግን ይህንን፥ ብረትንና ደም የሚሠራበትን ቪታሚን ቢ 12 ይዟል። እንግዲህ በዝዋይና በጣና ሐይቅ ዳር የሚጣለው የዓሣ ራስና ሆድ ዕቃ፥ አሞራ የሚጠግብበት፥ የሚያሳዝን ጥፋት ነው። ተከትፎ፥ በሞላሰስ ተለውሶ፥ እንደ ቆጮ አየር ሳይገባው ቢብላላ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱም ከመበስበስ ይጠብቀዋል። የከረፋው ግን ዶሮን ይገድላል። መልካሙም ቢሆን ሲበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፥ ገበያተኛም ይሸሻል። ስለዚህ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች በጥቂት ዶሮዎች ያስጀምሩ፤ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ሲደራ ተረፉም ይበዛልና ማብላሊያው ዕቃ አስቀድሞ ይሰናዳ።