ሴቲንጉም የኤዲተር ሥራ ነው

በዲፓርትመንታችን ስለ ዜና ስንማር «ማን ጻፈው? ማን አረመው? እንዲወጣስ ማን ፈቀደ?» እያልን እንጠይቃለን። ዜናው ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ግን አንድ የማንጠይቀው ሰው አለ፤ ሰርቨሩን ያሰናዳው ሰው። እሱ ምን እንዳበራና ምን እንዳጠፋ የሚጠይቅ የለም። «ተወው፣ የአይቲ ልጆች ጣጣ ነው» ተባብለን እናልፈዋለን። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ሰርቨር ላይ የሚነካካ እያንዳንዱ ሴቲንግ የኤዲቶሪያል ውሳኔ ስለሆነ የጋዜጠኝነት ተማሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጁ ሊሠራው ይገባል እላለሁ።

ለማያውቀው ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የዜና ድረ ገጾች የሚሠሩት በስክሪፕት ነው። ገጹ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ሳይሆን አንባቢው ሲጠይቅ እዚያው ተሠርቶ የሚቀርብ ነው። እንደ ምግብ ቤት አስቡት። ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ያለው አፓቼ የተባለው ሰርቨር አስተናጋጁ ነው፤ ትእዛዝ ይቀበላል። ፒኤችፒ ወጥ ቤቱ ነው፤ ስክሪፕቱን አንብቦ ያበስላል። ማይኤስኪውኤል ደግሞ ዜናው ሁሉ የሚከማችበት ጓዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕረስም የሚሠራው በፒኤችፒ ነው። ሦስቱን ማገናኘት ነው እንግዲህ ሰርቨር ማሰናዳት የሚባለው።

አሁን አስተናጋጁ ትእዛዙን ወደ ወጥ ቤት እንዲወስድ ካልተነገረውስ? ምግቡን ትቶ የአሠራሩን ወረቀት ለደንበኛው ያቀርባል። አፓቼም ልክ እንዲሁ ነው። በሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ «በፒኤችፒ የሚያልቅ ፋይል ለፒኤችፒ ይሰጥ» የሚል መስመር ከሌለ ስክሪፕቱን እንደ ተራ ጽሑፍ ለማንም ያድላል። ከእነዚያ ስክሪፕቶች አንዱ ደግሞ የዳታቤዙን ስምና ፓስወርድ የያዘው ነው። የአንድ መስመር ጉድለት የዝግጅት ክፍሉን ቁልፍ በር ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው።

ሁለተኛው በቀጥታ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን የሚመለከት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። ማይኤስኪውኤል ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ስሪት 8 እስኪወጣ ድረስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው የፊደል ሠንጠረዥ ላቲን-1 ነበር። ይህ ደግሞ ለአውሮፓ ፊደላት የተሠራ፣ 256 ቦታ ብቻ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ ለ«ሀ» እንኳ ቦታ የለውም። ጥብቅ ቁጥጥሩ ካልበራ ዳታቤዙ «አልችልም» ብሎ አይመልስም። ዝም ብሎ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ርእሱ «????» ሆኖ ይቀመጣል። አንዴ እንዲህ ከተቀመጠ በኋላ ሴቲንጉን ማስተካከል ዜናውን አይመልሰውም፤ ፊደሉ ጠፍቷልና። ኧረ ለመሆኑ ዜናን ከዚህ በላይ የሚሰርዝ ኤዲተር አለ? እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ባለሙያ ይህ ችግር መኖሩንም ላያስተውል ይችላል። የሚያስተውለው በአማርኛ የሚጽፍ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። «ምንጭህን ጠብቅ» የሚለው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተማርነው ነው። አፓቼ በተለመደው አሠራሩ ገጹን የጎበኘውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። የኮምፒዩተሩን የኢንተርኔት አድራሻ፣ ሰዓቱን፣ የጠየቀውን ገጽ። አሁን አንድ ድረ ገጽ «ጥቆማ ይላኩልን» የሚል ፎርም አወጣ እንበል። ፎርሙ ጌት በሚባለው መንገድ የሚልክ ከሆነ ጠቋሚው የጻፈው ቃል በአድራሻው ጭራ ተቀጥሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ እሱም መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ፖስት በሚባለው መንገድ ከተላከ ቃሉ በተለመደው መዝገብ ላይ አይገኝም፤ የላኪው አድራሻና ሰዓቱ ግን ይቀራሉ። ጋዜጠኛው «ስምህን አልገልጽም» ብሎ ቃል ሲገባ ሰርቨሩ በጓሮ በኩል እየመዘገበ ነው ማለት ነው። መዝገቡ ምን ይያዝ? ስንት ቀን ይቆይ? ማን ይየው? እነዚህ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ናቸው እንጂ የሽቦ ጥያቄዎች አይደሉም።

«ታዲያ ለምን እንደክማለን? የቴሌግራም ቻናል ከፍተን አንጽፍም?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። እኔም እጠቀማለሁ። ነገር ግን እዚያ ያሉትን ውሳኔዎች የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነው፤ እኛ ተከራይ ነን። የአገራችን ፕሬስ የተከራይን ኑሮ ያውቀዋል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ዘመን ጋዜጣ ማሳተም ማለት እዚያ መሄድ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ ያለማተም መብት የሚሰጠውን ውል ለአሳታሚዎች ሲያቀርብ ጋዜጦቹ የተቃወሙት በከንቱ አልነበረም። ማተሚያውን የያዘ ቃሉንም ሊይዝ እንደሚችል ገብቷቸው ነው።

«ጋዜጠኛ ቴክኒሻን ይሁን ወይ?» ለምትሉኝ፣ አይሁን። ካሜራ ስንማር ካሜራ ጠጋኝ ልንሆን አይደለም፤ ብርሃኑ ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ እንድናውቅ ነው። ሰርቨርም እንደዚያው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ከእኛ የተሻለ ያሰናዱታል። ነገር ግን ምን ብለን እንደምንጠይቃቸው ካላወቅን የሚሰጡንን ተቀብለን ከመሄድ በቀር ምርጫ የለንም።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከላቦራቶሪው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይሰጠን። ከግቢው ኔትወርክ ውጭ ባይታይም ግድ የለም፤ ለመማሪያ እንዲያውም ይሻላል። ሶፍትዌሩ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ዛምፕ የሚባለው ጥቅል አስተናጋጁን፣ ወጥ ቤቱንና ጓዳውን ባንድ ላይ ይጭናል። አምስት አምስት ሆነን ለአራት ሳምንት እንሥራ። ፈተናውም ሦስት ይሁን። ስክሪፕቱ ገጽ ሆኖ ይከፈታል ወይስ ጥሬውን ይወጣል? «ጳጉሜ» ብለን ያስገባነው ቃል «ጳጉሜ» ሆኖ ይመለሳል? ከፎርማችን ጥቆማ ሲላክ መዝገቡ ላይ ምን ይጻፋል? ይህን ሦስቱን መመለስ የቻለ ተማሪ ነገ በሚቀጠርበት ዝግጅት ክፍል ስብሰባ ላይ ዝም አይልም።

የመጀመሪያ ሥራችንም እዚሁ አለልን። በወረቀት ብቻ ያሉት የዚህ ቡለቲን የቀድሞ እትሞች ከቀን ወደ ቀን እየሳሱ ነው፤ ታላላቆቻችን የጻፉት ነው ያለው እዚያ ውስጥ። እነሱን በገዛ እጃችን ባሰናዳነው ሰርቨር ላይ፣ ፊደላቸው ሳይጎድል ብናስቀምጥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ጥሩ ውርስ ይመስለኛል። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍብኝ፤ በደስታ አነበዋለሁ።